ያልነበረ የፍልፈል ጉድጓድ

ደብዳቤው ከአዲስ አበባ ሲመጣ መካነ ኢየሱስ ከተማ አስተምር ነበር። «እንግሊዝኛ የሚችል፣ ያገሩን ልማድ የሚያውቅ፣ ጽሕፈቱ ንጹሕ የሆነ መምህር ለሁለት ወር ይላክልን» ይላል። ዳይሬክተራችን ሁለት ጊዜ አላሰቡም። እንግሊዝኛውን ደብረ ታቦር ተምሬ ነው ያመጣሁት፤ ጽሕፈቱን የሰጡኝ ግን የቤተ ክህነት መምህሮቼ ናቸው። ልጅ ሆኜ ቤተ ልሔም ዜማ ጀምሬ፣ ድምፄ አልገራ ሲል ወደ አንድ የትርጓሜ መምህር ተሻግሬ ሦስት ዓመት ተቀምጫለሁ። ስለዚህ ያ ደብዳቤ እኔን ብሎ የተጻፈ መስሎኝ በጣም ኮራሁ። ዛሬ ያን ኩራት ሳስበው ያመኛል።

የተላክሁት ወደ ስማዳ ነው። በበቅሎ ሁለት ቀን ሄጄ ስደርስ የካቲት ገብቷል፤ ገብሱም ስንዴውም ተወቅቶ ጎተራ ገብቶ አውድማው ባዶ ነበር። ከአንድ ትንሽ የገጠር ቤተ ክርስቲያን በታች፣ ከምንጭ በላይ፣ ሁለት ወይራ የበቀለበት ጉብታ አለ። ድንኳኖቹ የተተከሉት እዚያ ነው። በአንደኛው ከባሕር ማዶ የመጣው የጥንት ነገር መርማሪ ይኖራል፤ ሁላችንም ፕሮፌሰሩ እንለው ነበር። በሌላው ከአዲስ አበባ የጥንት ቅርስ መሥሪያ ቤት ቁፋሮውን እንዲቆጣጠር የተላከ ሰው አለ፤ ወጣት ነው፣ ጫማው ሁልጊዜ የተወለወለ፣ ገበሬ ሲያናግር አፍንጫውን በመሐረብ የሚሸፍን።

ፕሮፌሰሩን መጀመሪያ ላይ ወድጄው ነበር፤ ይህን ካልተናገርኩ ቀሪው ውሸት ይሆናል። ረጅም፣ ፀሐይ ያቃጠለው፣ ከቆፋሪዎቹ ጋር አፈር ላይ ተንበርክኮ የሚውል ሰው ነው። መሬቱን በችካልና በክር እኩል አራት ማዕዘን አድርጎ ከፋፈለው። ዶማ ከጥቂት ቀን በላይ አላስነካም፤ ከዚያ በኋላ በማንኪያና በብሩሽ ነው። አንድ የገል ስባሪ ሲወጣ ወዲያው አይነሣም፤ መጀመሪያ ይሣላል፣ ይለካል፣ ከየትኛው የአፈር ንብርብር እንደወጣ ይጻፋል፣ ቁጥር ይሰጠዋል። ንድፉንና መዝገቡን የምይዘው እኔ ነበርኩ።

በሁለተኛው ቀን ከጉድጓዱ ግድግዳ ፊት አቁሞኝ፣ «ምን ታያለህ?» አለኝ።

«የተቃጠለ ቤት ይመስለኛል» አልኩት።

«ምን ይመስልሃል አላልኩህም። ምን ታያለህ ነው ያልኩህ።»

እንደገና አየሁ። «ከላይ ጥቁር አፈር፣ ሥሩ አመድ፣ ከአመዱ ሥር ቀይ የተቃጠለ አፈር፣ ከዚያ ሥር ቢጫ አፈር» አልኩ።

«አሁን ገባህ» አለ። «ከታች ያለው ቀድሞ የተቀመጠ ነው፤ ከላይ ያለው ኋላ የመጣ። ይህን አትርሳ። ሰው ይዋሻል፣ መጽሐፍ ይሳሳታል፤ ንብርብር ግን አይገለበጥም።»

ያን ዕለት የተሰማኝን ደስታ መግለጽ ይከብደኛል። የመጽሐፍ ቃል መፍታት የተማርኩ ሰው ነኝ፤ መሬትም እንደዚያ የሚፈታ መሆኑን ማንም ነግሮኝ አያውቅም። ማታ ማታ ድንኳኔ ውስጥ ገብቼ የቀኑን ንድፍ ሳስተካክል ሌላ ሥራ መሥራት የማልችል ይመስለኝ ነበር።

ጉብታው የአንዲት ባልቴት መሬት ነው። ባላቸው ባለ ርስት ነበሩ፤ ከሞቱ ሰባት ዓመት ሆኗቸዋል። እኒህ ሴት በየቀኑ ከጠዋት ጀምሮ ከወይራው ሥር ተቀምጠው እንዝርታቸውን እያሾሩ ጉድጓዱን ያያሉ። አይጠይቁም፣ አይቀርቡም። ተቆጣጣሪው አንድ ቀን «እኒህ ሴትዮ ምን ያደርጋሉ እዚህ?» ሲለኝ፣ «መሬታቸው ነው» አልኩት። መልሱ ያልጠበቀው ዓይነት ሆኖበት መሐረቡን አውጥቶ ጫማውን ጠረገ።

በዘጠነኛው ቀን ከቀዩ አፈር መካከል አንድ ትልቅ ድንጋይ ወጣ። መሐሉ እንደ ገበታ ጎድጎድ ያለ ነው፤ ዙሪያው በእሳት ጠቁሯል። ከአጠገቡ ብዙ ከሰል፣ ከሸክላ የተሠሩ እንደ ቀንድ ያሉ ክፍት ቱቦዎች፣ ደግሞም ቅርጫት የሚሞላ ከባድ ጥቁር ነገር ተገኘ። ጥቁሩ ነገር ድንጋይ ይመስላል፤ ግን ቀልጦ የረጋ፣ ላዩ አረፋ አረፋ ያለ ነው። ሁሉንም ቁጥር ሰጥቼ መዘገብኩ።

ፕሮፌሰሩ ድንጋዩን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። ወደ ድንኳኑ ወስዶኝ ከሣጥን ውስጥ አንድ ወረቀት አወጣ። በሩቅ አገር የተገኘ የጥንት መሠዊያ ሥዕል ነው፤ ጎድጓዳ ድንጋይ፣ ዙሪያው አመድ። ከሥሩ በራሱ እጅ የተጻፈ ረጅም ጽሑፍ አለ። «ይህን የጻፍኩት ከአገሬ ሳልነሣ ነው» አለኝ። «በእነዚህ ተራሮች ላይ እንደዚህ ያለ መሠዊያ መኖር አለበት ብዬ ነበር። ይኸው ተገኘ።»

ቱቦዎቹን የመሥዋዕት ደም ማፍሰሻ ናቸው አላቸው። ጥቁሩን ነገር አንሥቶ ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ ቅርጫቱ ውስጥ መለሰው።

ችግሩ የመጣው በማግስቱ ነው። ከድንጋዩ ሥር፣ ከቀዩ አፈርም ሥር፣ በቢጫው አፈር ውስጥ አንድ ቆፋሪ የጣት ጥፍር የሚያህል ነገር አገኘ። አፈሩን በብሩሽ ጠርጌ አየሁት፤ ብርጭቆ ነው፣ አረንጓዴ ቢጤ፣ ወደ ውስጥ የጎበጠ። በሠርግና በተዝካር ያላየው ሰው የለም፤ የብርሌ አንገት ነው። ቦታው ላይ እንዳለ ሣልኩት፤ ለካሁት። በዙሪያው ያለው አፈር ድርቅ ያለ፣ ያልተነካ ነበር። ከዚያ ፕሮፌሰሩን ጠራሁት።

ተንበርክኮ አየው። ብርሌው ከታች ከሆነ፣ መሠዊያ ነው ያለው ነገር ከብርሌው በኋላ የተሠራ ነው ማለት ነው። ብርሌ ደግሞ የአያቶቻችን ዘመን ዕቃ እንጂ ሁለት ሺሕ ዓመት የለውም። ይህን እኔ ለእሱ ማስረዳት አያስፈልገኝም፤ ያስተማረኝ እሱ ነው።

«በዚህ አገር መሬት ውስጥ የሚኖር አይጥ መሰል እንስሳ አለ፤ ምን ትሉታላችሁ?» አለኝ።

«ፍልፈል።»

«እሱ ጎትቶ ያስገባው ነው።»

«የፍልፈል ጉድጓድ አላየሁም» አልኩት።

«ነበረ» አለና ሄደ።

በዚያ ሰሞን የአካባቢው ጭቃ ሹም ከቅዳሴ ሲመለሱ መንገድ ላይ አገኙኝ። «ለመሆኑ ይኸ ፈረንጅ ምን አገኘሁ ይላል?» አሉኝ። ትልቅ ሰው ናቸው፤ ደግሞም የማውቀውን መናገር ያምረኝ ነበር። «ክርስትና ሳይገባ አረመኔዎች መሥዋዕት ያቀረቡበት መሠዊያ ነው ይላል» አልኳቸው። «እንዲያ ነው?» ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ከሦስት ቀን በኋላ ፕሮፌሰሩ የአገር ሽማግሌ እጠይቃለሁ አለ። ተቆጣጣሪው ያስጠራው ጭቃ ሹሙን ነው። ወንበር ቀረበላቸው፤ ነጠላቸውን አደግድገው ተቀመጡ፤ እኔ በመካከል ቆምኩ። ስለ ጉብታው ምን ያውቃሉ ተብለው ሲጠየቁ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «ከአባቶቻችን ስንሰማ ክርስትና ሳይገባ አረመኔ ደም ያፈሰሰበት ቦታ ነው ይሉናል» አሉ። ዓይናቸው እኔ ላይ አላረፈም። ቃላቸውን ሳልጨምር ሳልቀንስ ተረጎምኩ። ፕሮፌሰሩ ጻፈ፤ ምን እንደጻፈ በኋላ አነበብኩት። የአካባቢው ጥንታዊ ትውፊት ግኝቱን ያረጋግጣል ይላል።

ያ ጥንታዊ ትውፊት የሦስት ቀን ዕድሜ ነበረው፤ ምንጩም እኔ ነኝ። ያን ጊዜ መናገር እችል ነበር። ጭቃ ሹሙን በሰው ፊት ማሳፈር ከበደኝ፤ ከዚያም በላይ እኔ መናገር የማይገባኝን እንደተናገርኩ ፕሮፌሰሩ እንዳያውቅብኝ ፈራሁ።

በዚያው ሳምንት ባልቴቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ከወይራው ሥር ተነሥተው የተቆፈረውን አፈር ወደምንነፋበት ወንፊት መጡ። አንዱን የሸክላ ቱቦ አንሥተው አዩት፤ መለሱት። ከመመለሳቸው በፊት አፉን በጣታቸው ሲዳስሱ አየሁ። ቀትር ላይ ሌሎቹ ምሳ ሲበሉ ቤታቸው ሄድኩ። ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ነበር።

«እማማ፣ ያን ነገር ያውቁታል?» አልኳቸው።

ወዲያና ወዲህ አይተው፣ «የወናፍ አፍንጫ ነው» አሉ። «ወናፉ ሲረገጥ ትንፋሹ ወደ እሳቱ የሚገባበት። አባቴ በጭቃ ሠርቶ አሳይቶኛል።»

ከዚያ ነገሩኝ። አያታቸው እዚያ ጉብታ ላይ ብረት ያቀልጡ ነበር፤ ጠይብ ናቸው። ከብት ያለቀበት ክፉ ዘመን ሲመጣ ያገሬው ሰው፣ ቡዳ ሆነው የሚበሉን እነዚህ ናቸው ብሎ ቤታቸውን አቃጥሎ አባረራቸው። አባታቸው ያን ጊዜ ሕፃን ናቸው፤ እስቴ ውስጥ ሰው ቤት አድገው፣ የማን ልጅ እንደሆኑ ሳይናገሩ ገበሬ ሆኑ። ባልቴቷ ሲያድጉ አባታቸው፣ ታቦት ለመሳለም ነው ብለው ይዘዋቸው መጥተው ቦታውን አሳዩዋቸው። ባልቴቷም ወደ ምንጩ ውኃ ሊጠጡ ሲወርዱ የኋላ ባላቸውን አገኙ።

«ባልዎ ያውቁ ነበር?»

«ያውቅ ነበር። አርባ ዓመት ለሰው አልተነፈሰም። ልጆቼ አያውቁም።» ቀጥለውም፣ «ለፈረንጁ ምን እንደሆነ ንገረው፣ ልጄ። የደም ዕቃ እያለ አይጻፍብን። ማን እንደነገረህ ግን አትበል» አሉኝ።

በማግስቱ ለፕሮፌሰሩ ነገርኩት። የትርጓሜ መምህሬ አንድ ቃል ሲፈቱ «አንድም» ብለው ያንዱን ሊቅ ሐሳብ ያመጣሉ፤ እንደገና «አንድም» ብለው የሌላውን፤ የማይወዱትንም ቢሆን ሳያጎድሉ ተናግረው ነው ወደ ራሳቸው የሚመጡት። እኔም እንደዚያ አቀረብኩለት። አንድም መሠዊያ ይሆናል፤ አንድም ብረት ማቅለጫ ይሆናል፤ በቅርጫት ያለው ጥቁር የብረት ዝቃጭና የወናፉ አፍንጫ፣ ከሥር የተገኘው ብርሌም ሁለተኛውን ይደግፋሉ አልኩት።

«ወናፍ መሆኑን ማን ነገረህ?»

«ስሙን መናገር አልችልም።»

«ስም የሌለው ምስክር ምስክር አይደለም» አለ። ሕጉ ትክክል ነው። ቀጥሎም፣ «አንተ ጎበዝ ጸሐፊ ነህ፤ ግን ቤተ ክርስቲያን አስተምራ ያሳደገችህ ነህ። አንድ ነገር ሁለት ትርጉም እንዲኖረው ትወዳለህ። ሳይንስ አንዱን ይመርጣል።»

ተቆጣጣሪው ከኋላችን ሆኖ ይሰማ ነበር። ፕሮፌሰሩ ሲርቅ ክንዴን ያዘኝ። «ስማ አንተ፤ አገራችን በዓለም ፊት በጥንት መሠዊያ ትጠራ ወይስ በጠይብ አመድ? ማን ጠየቀህ?» የዝቃጩን ቅርጫት ከጉብታው ሥር ወዳለው ገደል እንዲደፉት ያን ዕለት ቆፋሪዎቹን ያዘዘው እሱ ነው። ዝቃጩ እየተንከባለለ ሲወርድ ቆሜ አየሁ። ፕሮፌሰሩም አየ፤ ፒፓውን ይለኩስ ነበር።

ቁፋሮው ሊያልቅ ሦስት ቀን ሲቀር ፕሮፌሰሩ መዝገቡን ንጹሕ አድርጌ እንድገለብጥ አዘዘኝ። የዝቃጩ ቁጥሮች ይቅሩ፤ ዘመናዊ ቆሻሻ ነው አለ። በጉድጓዱ ግድግዳ ንድፍ ላይ ደግሞ ከላይኛው ጥቁር አፈር ጀምሮ እስከ ብርሌው የሚወርድ የፍልፈል ጉድጓድ እንድሥል ጠየቀኝ። አላዘዘኝም፤ ጠየቀኝ። «አንተም ልብ ብለህ ብታስታውስ አይተኸዋል» አለ።

እምቢ ብል ማንም አይገርፈኝም ነበር። ይህን ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ። በሚቀጥለው ዓመት ለሌላ ቁፋሮ እንደሚወስደኝ፣ ከዚያም ውጭ አገር እንድማር እንደሚጽፍልኝ ነግሮኝ ነበር። የዝቃጩን ቁጥሮች አስቀረሁ፤ እርሳሱን ቀርጬም ሣልኩ። እንዲያውም አሳምሬ ሣልኩ፤ ሁለት ቦታ ጠመም አድርጌ፣ መሐሉን በልል አፈር ሞልቼ፣ ማንም የሚያምነው የፍልፈል ጉድጓድ። የቀድሞውን መዝገብና ንድፍ እሱ ወሰዳቸው፤ ከዚያ በኋላ አላየኋቸውም።

በሚቀጥለው ዓመት አልጠራኝም። መጽሐፉ ሲወጣ አንድ ቅጂ ለትምህርት ቤቱ ተላከ። ንድፌ አለ፤ የጭቃ ሹሙ ቃል አለ። በመጨረሻው ገጽ «ላገዘኝ ያገሩ መምህር» ተብሎ ምስጋና ተጽፏል።

ብዙም ሳይቆይ ጉብታው ታሪካዊ ቦታ ነው ተብሎ በሽቦ ታጠረ። የባልቴቷ ማሳ ገሚሱ ከሽቦው ውስጥ ቀረ፤ ምትክ ይሰጥዎታል ተብለው ነበር፤ የሰጣቸው የለም። ያገሩ ሰው ደግሞ ፈረንጁ ያለውን ከጭቃ ሹሙ ሰምቶ፣ ያ ቦታ የአጋንንት ነው፣ እሱን አርሳ የበላች ሴት ቤት ውስጥ ምን እንዳለ እግዜር ይወቅ ማለት ጀመረ። የጎረቤት ሕፃን ሲታመም ወደ እሳቸው ደጅ አዩ። አባታቸው ስማቸውን ደብቀው ያመለጡት ነገር፣ ልጃቸውን በሌላ መንገድ መጥቶ ያዛቸው። ቤታቸውን ዘግተው ታች ጋይንት ወዳለችው ልጃቸው ሄዱ።

ይህን ስሰማ ለፕሮፌሰሩ ደብዳቤ ጻፍኩ። ዝቃጩን፣ ቅርጫቱን፣ ጭቃ ሹሙ ከእኔ መስማታቸውን፣ የፍልፈሉን ጉድጓድ ከራሴ መፍጠሬን ሁሉ ዘረዘርኩ። መልሱ ከወራት በኋላ መጣ፤ አጭርና ትሁት ነው። ሐሳብህ ደስ የሚል መላምት ነው፤ ነገር ግን ዝቃጭ የምትለው ዛሬ የት አለ? በራስህ እጅ የተሣለው ንድፍም የፍልፈሉን ጉድጓድ በግልጽ ያሳያል ይላል።

በክረምቱ መዝጊያ ወደ ገደሉ ወርጄ ፈለግሁ። ሦስት ቁራጭ ብቻ አገኘሁ፤ ሌላውን ጎርፉ ወስዶታል። እጄ ላይ ይዤ ቆምኩ። ከየትኛው ንብርብር እንደወጡ የሚመሰክር መዝገብ የላቸውም፤ ፕሮፌሰሩ ከሌላ ቦታ ተንከባለው የመጡ ናቸው ቢለኝ ምን እመልሳለሁ? መዝገቡን ያጠፋሁት እኔው ነኝ። መልሼ ጣልኳቸው።

ባልቴቷን ያገኘኋቸው ታች ጋይንት፣ አርብ ገበያ ከተማ፣ በገበያው ቀን ነው። ፈትላቸውን ይዘው ከሌሎች ሴቶች ጎን ተቀምጠዋል። ከስተዋል። ሳይቆጡ ተቀበሉኝ፤ ያ ከቁጣ ይልቅ ጎዳኝ። ወደ ዳር ወጣ ብለን ቆምን።

«ፈረንጁ የወናፉን አፍንጫ ምን ብሎ ጻፈው?» አሉኝ።

«ደም ማፍሰሻ።»

አንገታቸውን ነቀነቁ። «ብረቱንስ?»

«አልጻፈውም።»

«አንተ ነግረኸው ነበር?»

«ነግሬው ነበር። ምስክር አምጣ አለኝ። እማማ፣ አሁንም ለመሥሪያ ቤቱ መጻፍ እችላለሁ። ስምዎን ልጻፍ፤ የአያትዎን፣ የአባትዎን። እርስዎ ከመሰከሩ የሚሰማ ሰው አይጠፋም። መሬቱም ይመለስልዎ ይሆናል።»

ፈትሉን በእጃቸው ጠቀለሉ። «የልጄ ልጅ ለፋሲካ ትዳራለች» አሉ። «የልጁ ቤተሰቦች ካህናት ናቸው። አጥንቷን ሰባት ቤት ቆጥረው ነው የተቀበሏት። አንተ ስሜን ጽፈህ እውነቱ ወጣ እንበል፤ ያቺን ልጅ ማን ያገባታል?»

«ስምዎ ከሌለ ምንም ማድረግ አልችልም።»

«እንግዲያው አታድርግ» አሉኝ። ቀጥለውም እንደ ማንኛውም እናት ስለ እኔ ጠየቁኝ፤ አግብተህ ወልደሃል ወይ፣ ደመወዝህ ይበቃሃል ወይ አሉኝ። መለስኩላቸው። ወደ ቦታቸው ተመልሰው ከሴቶቹ መካከል ተቀመጡ።

ከዚያ ወዲህ አላየኋቸውም፤ ማረፋቸውን የሰማሁት ዓመት ካለፋቸው በኋላ ነው። የልጅ ልጃቸው እስካሁን በትዳሯ ላይ ናት ይሉኛል፤ ስለዚህ የጉብታውን ስም አልጽፍም።

መጽሐፉ ከትምህርት ቤታችን መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ከረመ። ባገለገልኩባቸው ዓመታት ሁለት ጊዜ ተማሪዎች ሥዕሉን አይተው ስለ መሠዊያው ጠየቁኝ። ሁለቱንም ጊዜ መጽሐፉ ላይ ያለውን ነገርኳቸው።